መጀመሪያ ጓሮው፣ ከዚያ ድስቱ

ጓሮው ላይ አትክልት ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያበስለው ጓሮ እንደሌለው ሰው ነው። መጀመሪያ «ዛሬ ምን ልሥራ?» ይላል። አንድ የምግብ አሠራር ያገኛል። ከዚያ የጎደለውን ሊገዛ ይወጣል። ቆስጣው ጓሮ ላይ ቅጠሉ እየጠነከረ፣ ዝኩኒው ክንድ እያከለ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዛ ነበርኩ። ቲማቲም ደጄ ላይ እየፈረጠ ቲማቲም ገዝቼ የገባሁበት ቀን አለ፤ አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። ጎድጓዳ ሳህንና መቀስ ይዤ ጓሮ እወጣለሁ፣ «ዛሬ ካልተለቀመ ነገ የሚበላሸው የቱ ነው?» እያልኩ እዞራለሁ፣ እሱን ይዤ እገባለሁ። ስለ ድስቱ የማስበው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ደግሞ ሃምሳ ዓይነት አሠራር ማወቅ አያስፈልግም። አራት አምስት ዘዴ ከያዛችሁ፣ በየወቅቱ የደረሰውን እየቀያየራችሁ ታስገቡበታላችሁ። ከጓሮ የማይገኘውን ግን ሁሌ ቤት ውስጥ አኑሩ፦ ጨው፣ ጥሩ ዘይት፣ እንቁላል፣ ፓስታ ወይም ሩዝ፣ ሎሚ ወይም አቼቶ፣ ትንሽ ፎርማጆ። በቃ፣ ይሄው ነው።

ስትለቅሙ

ቅጠል የሚቆረጠው ጠዋት ነው። ሌሊቱን ውኃ ጠጥቶ ስላደረ ጠንከር ብሎ ይገኛል፤ ቀትር ላይ የቆረጣችሁት ሰላጣ ግን ወጥ ቤት ሳይደርስ ይጠወልጋል። ጠዋት ካልተመቻችሁ አመሻሽ ላይ ይሁን። የጠወለገውንም ቶሎ አትጣሉት። በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢቀመጥ አብዛኛው ነፍስ ይዘራል። ከሰላጣና ከቆስጣ የውጭ የውጭውን ቅጠል እየወሰዳችሁ መሐሉን ተዉት፤ ከአንዱ እግር ለሳምንታት ትበላላችሁ።

አተርና ጣፋጩ የበቆሎ ዓይነት ግን ፋታ አይሰጡም። ከተቆረጡ ጊዜ ጀምሮ ስኳራቸው ወደ ስታርች መለወጥ ይጀምራል፣ ጠዋት የተቆረጠ በቆሎ ማታ ሲበላ ጣዕሙ የቀነሰውም ለዚህ ነው። እኔ መጀመሪያ ውኃውን እጥዳለሁ። ውኃው ሊፈላ ሲል ነው በቆሎውን ልቆርጥ የምወጣው። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ከተቀቀለ ይበቃዋል። የሚያዩኝ ይስቁብኛል፣ ከቀመሱ በኋላ ግን ዝም ይላሉ።

ፎሶሊያ ውስጡ ያለው ፍሬ ሳይነፋ ለቀም ይደረግ፤ ስትሰብሩት ቀጭ ማለት አለበት። ካሮትና ቀይ ሥር ስታወጡ ቅጠሉን ወዲያው ቁረጡት፣ አለበለዚያ ቅጠሉ ከሥሩ ላይ ውኃ እየሳበ በሁለት ቀን ልፍስፍስ ያደርገዋል። የቀይ ሥሩን ቅጠል ግን እንዳትጥሉ። ቀይ ሥርና ቆስጣ በዘር አንድ ናቸው፣ ቅጠላቸውም የሚበስለው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

እጥበት ላይ አንድ ነገር ልበል። ቅጠልን ውኃ በሞላ ትልቅ ሳህን ውስጥ ነክራችሁ ካንቀሳቀሳችሁት በኋላ ቅጠሉን በእጃችሁ አንሱት እንጂ ሳህኑን ወንፊት ላይ አትገልብጡት። አፈሩ ታች ዘቅጧል፤ ከገለበጣችሁት ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይፈሳል። ታች አሸዋ እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ውስጥ ትል ካለ ደግሞ ጨው በተጨመረበት ቀዝቃዛ ውኃ 15 ደቂቃ ይዘፍዘፍ፣ እንግዶቹ ራሳቸው ይወጣሉ።

ቅጠል ሲበዛ

አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ጓሮው ቅጠል በቅጠል ይሆናል። ቆስጣ፣ ጎመን፣ ስፒናች፣ ሰላጣ። ሙቀቱ ሲመጣ ሰላጣ ግንዱን ወደ ላይ አስረዝሞ ማበብ ይጀምራል፣ ያኔ ይመራል። ስለዚህ ሊያብብ ሲያቆበቁብ ካያችሁት አትዘኑለት፣ ያን ቀን ሙሉውን ንቀሉት።

ለሚበስሉት ቅጠሎች አንድ ዘዴ ብቻ ነው ያለኝ። ግንዱን ከቅጠሉ ለዩና ግንዱን ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉት። ሰፊ መጥበሻ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሙቁ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በስሱ ቆርጣችሁ ጨምሩ፣ ሽታው ሲመጣ (ሳይቀላ!) ግንዱን አስገቡና 3 ደቂቃ ያህል አማስሉት። ከዚያ ከእጥበት የቀረው ውኃ እንዳለበት ቅጠሉን እፍኝ እፍኝ እያደረጋችሁ ጨምሩ። መጥበሻው ላይ ተራራ ይሆንባችኋል፣ አትደንግጡ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጭብጥ ታክላለች። ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ ቅጠል ብዙ የሚመስለው ያላበሰለ ሰው ነው። ጎመን ጠንካራ ስለሆነ ትንሽ ውኃ ጠብ አድርጋችሁ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት።

ሎሚው የሚጨመረው ከእሳት ካወረዳችሁት በኋላ ነው። አሲድ የቅጠሉን አረንጓዴ ቀለም የሚሰጠውን ክሎሮፊል ይለውጠዋል፣ ከሎሚ ጋር የበሰለ ቆስጣም የወታደር ልብስ የመሰለ ቀለም ይዞ ይወጣል። ለጤና ምንም አይልም፣ ለዓይን ግን ደስ አይልም። እሳት ላይ ብዙ ከቆየም እንደዚያው ነው። ያለሎሚም ቢሆን ሰባት ስምንት ደቂቃ ካለፈው መደብዘዝ ይጀምራል።

ይሄን አንዴ ከሠራችሁ ሦስት ምግብ በእጃችሁ ነው። ፓስታ ቀቅላችሁ ከፎርማጆ ጋር ማዋሃድ ትችላላችሁ። ወይም ቅጠሉ መሐል ጉድጓድ ጉድጓድ አድርጋችሁ እንቁላል ስበሩበትና ከድኑት፣ በ5 ደቂቃ ይደርሳል። ወይም ዳቦ ላይ ብቻውን። የመጨረሻው ሰነፍ ሆኜ ስመጣ የምሠራው ነው፣ እውነቱን ለመናገር ከሦስቱም እሱን እወደዋለሁ።

ጥሬ ለሚበላው ሰላጣ ዋናው ነገር ማድረቅ ነው። ርጥብ ቅጠል ላይ ዘይት አይይዝም፣ ሁሉም ወደ ሳህኑ ሥር ይንሸራተታል። በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላችሁ አራግፉት። ማጣፈጫው ሦስት እጅ ዘይት፣ አንድ እጅ ሎሚ ወይም አቼቶ፣ ጨው። ክዳን ባለው ጠርሙስ አድርጋችሁ ናጡት፣ ልትበሉ ስትቀመጡ ብቻ አፍስሱበት።

ቲማቲም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጓሮ የሚጀምረው ለቲማቲም ሲል ነው፣ ከዚያ ደግሞ ይዞት ሲገባ ፍሪጅ ውስጥ ከቶ ይገድለዋል። ቲማቲም ብርድ አይወድም። ከ12 ዲግሪ በታች ሲቆይ መዓዛውን የሚሰጡት ነገሮች ይዳከማሉ፣ ሥጋውም ዱቄት ዱቄት ይላል። ጠረጴዛ ላይ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርጋችሁ፣ ሳትደራርቡ አስቀምጡት። ከመጠን በላይ በስሎ ሊበላሽ ከሆነ ብቻ ፍሪጅ ይግባ፣ ከመብላታችሁ በፊት ግን አውጥታችሁ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠብቁ።

ከተክሉ እንደወረደ፣ ገና ፀሐይ ያሞቀው ቲማቲም ከያዛችሁ እሳት አታስነኩት። እኔ በሞቃቱ ወቅት በሳምንት ሁለት ሦስቴ የምሠራት ፓስታ አለች። ለአራት ሰው አንድ ኪሎ ያህል በደንብ የበሰለ ቲማቲም በትንንሹ ቁረጡ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ፍሬ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ጥሩ ዘይት ጨምሩና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ጨው ውኃውን ከቲማቲሙ ይስበዋል፣ ሳህኑ ሥር የሚጠራቀመው ጭማቂም ስጎ ይሆናችኋል፤ ሌላ ስጎ መሥራት የለባችሁም። 400 ግራም ፓስታ ቀቅሉ፣ የመቀቀያው ውኃ በሊትር 10 ግራም ያህል ጨው ይኑረው። አጥልላችሁ ትኩሱን ፓስታ ቲማቲሙ ላይ ገልብጡት። በሶብላ ካላችሁ በእጃችሁ ቀደድ ቀደድ አድርጋችሁ በመጨረሻ በትኑበት። ለመቀቀያው ካልሆነ እሳት አልነካችሁም፣ ቤቱም አልጋለም።

በሶብላን ጠቀስኩ እንጂ፣ የሽታ ቅጠሎችን ነገር ሰው ይዘበራርቀዋል። ለስላሳዎቹ ማለትም በሶብላ፣ ፐርሰሜሎ፣ ናና፣ የድንብላል ቅጠል መጨረሻ ላይ ነው የሚገቡት፣ ቢበስሉ ሽታቸው ይበናል። ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ግን ደረቆች ናቸው፤ ከመጀመሪያው ከዘይቱ ጋር ይግቡ። በሶብላ ፍሪጅ ውስጥ ይጠቁራል፣ እንደ አበባ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቁሙት።

የፈረጠው፣ የተሰነጠቀው፣ ወፍ የነካካው ቲማቲም? የተነካውን ክፍል በሰፊው ቆርጣችሁ ጣሉና የቀረውን ኦቨን ውስጥ ክተቱት። ለሁለት ለሁለት ከፍላችሁ ትሪ ላይ ደርድሩ፣ ዘይት፣ ጨው፣ ጥቂት ጦስኝ፣ ከእነልጣጩ ነጭ ሽንኩርት፣ በ150 ዲግሪ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት። ይኮማተራል፣ ይጣፍጣል። ከዚያ ፈጭታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታስቀምጡት ቲማቲም በሌለበት ወቅት ስጎም ሾርባም ይሆናችኋል። ነጭ ሽንኩርትን በተመለከተ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዘይት ውስጥ ዘፍዝፋችሁ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡት። ዘይት አየር ስለሚከለክል ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል፣ ሽታውም መልኩም አያስታውቅም። ፍሪጅ ውስጥ አስገቡትና በሁለት ሦስት ቀን ጨርሱት።

ዝኩኒ፣ ወይም የጎረቤት ፍቅር ፈተና

መጀመሪያ በተከልኩበት ዓመት ስድስት እግር ዝኩኒ ነበረኝ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ወይም ሁለት እግር ከበቂ በላይ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ አመሰገኑኝ፣ ቀጥሎ ዝም አሉ፣ በመጨረሻ ሳህን ይዤ ስመጣ መጋረጃ መዝጋት ጀመሩ።

መፍትሔው ትንሽ ሳለ መልቀም ነው፤ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ። ቅጠል ሥር ስለሚደበቅ በፍሬው ወራት በየቀኑ ካላያችሁ አንድ ቀን የሕፃን ልጅ ያህል ዝኩኒ ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለው ሲያመልጣችሁ ተክሉም ዘር ወደ ማብሰል ዞሮ አዲስ ፍሬ ማውጣቱን ይቀንሳል። ያመለጠውን ለሁለት ሰንጥቃችሁ ዘሩን በማንኪያ አውጡ፣ የቀረው ለሾርባ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ያዙልኝ። ከማብሰላችሁ በፊት ከጫፉ ቁራጭ ቆርጣችሁ በምላሳችሁ ቅመሱ። ሬት እስኪመስል የሚመር ከሆነ ትፉት፣ ያን ፍሬ ጣሉ፣ ከዚያ ተክልም ሌላ አትብሉ። ኩከርቢታሲን የሚባል መርዛማ ነገር ነው፣ ማብሰል አያጠፋውም፣ ክፉኛ ያስታውካል። ዱባና ዝኩኒ ከተዳቀሉበት፣ ራሳችሁ ካስቀራችሁት ዘር በበቀለ ተክል ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው። ብርቅ ነው፣ ግን አለ።

የሚበላውን ዝኩኒ እንዲህ አድርጉት። ግማሽ ኪሎውን በመፈቅፈቂያው ሰፊ ጎን ፈቅፍቁ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሳችሁበት ወንፊት ላይ 15 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጭመቁት። አንድ ብርጭቆ ውኃ ይወጣዋል። ከእናንተ ውስጥ «ደክሞኛል፣ ይሄን ልዝለል» የሚል ካለ አይዝለል፣ ያልተጨመቀ ዝኩኒ መጥበሻ ላይ ገንፎ ነው የሚሆነው። ሁለት እንቁላል፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ የተከተፈ ናና ወይም ፐርሰሜሎ፣ ካለ የተፈረፈረ አይብ ጨምራችሁ አዋህዱ። ጨው አትድገሙ። በሞቀ ዘይት ላይ በማንኪያ እየጣላችሁ ጠፍጠፍ አድርጉት፣ በየጎኑ 3 ደቂቃ። ለአራት ሰው ይበቃል ማለት እፈልጋለሁ፣ ግን መጥበሻው አጠገብ የቆመ ሰው ካለ አይበቃም።

ሁሉም ጥቂት ጥቂት ሲሆን

ጓሮ የሚያስቸግረው በብዛቱ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ቀን ሁለት ካሮት፣ አንድ ቃሪያ፣ እፍኝ ፎሶሊያ፣ ሦስት ድንች ይዛችሁ ትገባላችሁ። ለእነዚህ ቀናት ሦስት መውጫ አለ።

አንዱ ትሪ ነው። እያንዳንዱን ዓይነት በእኩል መጠን ቁረጡ፣ ጠንካሮቹን (ድንች፣ ካሮት፣ ዱባ) አነስ አድርጉ፣ ዘይትና ጨው አልብሳችሁ በ220 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ። መደራረብ የለም። ከተደራረበ እርስ በርሱ በእንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይቀላም። ለስላሳዎቹን፣ እንደ ዝኩኒና ቲማቲም ያሉትን፣ አጋማሽ ላይ ጨምሩ።

ሁለተኛው እንቁላል ነው። የተረፈ የበሰለ አትክልት ሁሉ እዚህ ይገባል፣ የትናንቱ ትሪም ጭምር። ስድስት እንቁላል ምቱ፣ ሁለት ኩባያ ያህል የበሰለ አትክልት በመጥበሻ አሙቁ፣ እንቁላሉን አፍስሱበት፣ እሳቱን ዝቅ፣ ከድኑት፣ 10 ደቂቃ። ጥሬ አትክልት አታስገቡ፤ ውኃው እንቁላሉን ያበላሸዋል።

ሦስተኛው ሾርባ ነው። ሽንኩርት በዘይት ቀስ ብሎ 10 ደቂቃ ይለስልስ። ይሄን 10 ደቂቃ አትስረቁት፣ የሾርባው ጣዕም ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ሥራ ሥሩ፣ ውኃ፣ ጨው። ድንቹ ሲበስል ፎሶሊያው፣ በመጨረሻ ቅጠሉ። አንዱን ጭልፋ ፈጭታችሁ መልሱበት፣ ወፈር ይላል። የፎርማጆ ደረቅ ልጣጭ ካላችሁ አብሮ ይንተክተክ።

ስለ ድንች በዚያው፦ ልጣጩ አረንጓዴ የሆነ ድንች ፀሐይ አግኝቶታል ማለት ነው፣ ሶላኒን የሚባል መርዝም ይጠራቀምበታል። ትንሽ ከሆነ በወፍራሙ ላጡት፣ ብዙ ከሆነ ጣሉት። ጨለማ ቦታ አኑሩት፣ ከሽንኩርት ጋር ግን አይሁን፣ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። ሲቀቀል ከቀዝቃዛ ውኃ ይጀምር። ከፈላ ውኃ ከጀመረ ውጩ ፈርሶ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ፎሶሊያና ቅጠል በተቃራኒው የፈላ ውኃ ነው የሚፈልጉት። ፎሶሊያን ጥሬውን የሚበላ ሰው አይቻለሁ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ሌክቲን የሚባለው ነገር ሆድ ያሳምማል፣ በደንብ ሲበስል ነው የሚጠፋው።

ቀይ ሥር ከእነልጣጩ፣ ከላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ግንድ ትታችሁ ቀቅሉት። ከተቆረጠ ቀለሙ ሁሉ ውኃው ውስጥ ይቀራል። ከበሰለ በኋላ ልጣጩ በጣት ይወልቃል። ካሮት ብዙ አያስቸግርም፣ ምንም ብታደርጉት ይበላል።

ተበልቶ ካላለቀ

ፍሪዘር ውስጥ ጥሬውን የተከተተ ፎሶሊያ ከወር በኋላ ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል። አትክልት ከተቆረጠ በኋላም ኢንዛይሞቹ (ጣዕሙንና መልኩን የሚለውጡት ውስጡ ያሉ ነገሮች) ይሠራሉ፣ ብርዱ ያዘገያቸዋል እንጂ አያቆማቸውም። የሚያቆማቸው ሙቀት ነው። ብዙ ውኃ አፍሉ፣ ፎሶሊያ 3 ደቂቃ፣ ቆስጣ 2 ደቂቃ ቀቀል አድርጋችሁ ወዲያው በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ ክተቱት። ከዚያ አጥልሉ፣ አድርቁ፣ ቅጠሉን እየጨመቃችሁ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ጠቅልሉ፣ ቀኑን ጻፉበት። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ከ8 እስከ 12 ወር ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ቀኑን ያልጻፍኩባቸው ሦስት ፌስታሎች አሁንም ፍሪዘሬ ውስጥ አሉ፣ ምን እንደሆኑ እግዜር ይወቅ።

ዱባ ይሄ ሁሉ አያስፈልገውም። ግንዱን ሳትሰብሩ ቁረጡት፣ ሞቅ ባለና ነፋስ ባለበት ቦታ ለ10 ቀን ያህል ልጣጩ ይጠንክር፣ ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ለወራት ይቀመጣል።

ብርዱ ሊመጣ ሲል ደግሞ ቲማቲሙ ላይ ገና ያልቀላ ፍሬ ይንጠለጠላል። እዚያው ትታችሁ ውርጭ እንዲያቃጥለው አታድርጉ። ሁሉንም ልቀሙና ለዩአቸው። መቅላት የጀመሩትን ካርቶን ውስጥ በጋዜጣ ለይታችሁ ደርድሩ፣ አንድ የበሰለ ሙዝ መሐላቸው አስቀምጡ፤ ሙዙ የሚያወጣው ኤቲሊን ጋዝ ያበስላቸዋል። ጠንካራዎቹን አረንጓዴዎች ግን የዛኑ ማታ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቆርጣችሁ ጨው ነስንሱባቸው፣ ዱቄት፣ ከዚያ እንቁላል፣ ከዚያ የዳቦ ፍርፋሪ አልብሳችሁ ጥበሱ። ኮምጠጥ ይላሉ፣ ጥርስ ላይ ቀጭ ይላሉ። ካርቶኑን ደግሞ አትርሱት፤ በሁለት ቀን አንዴ ጋዜጣውን እየገለጣችሁ የቀላውን ልቀሙ፣ የበሰበሰ ካለም ሌሎቹን ሳያዳርስ አውጡት።